ወንድሜ ብሏል

ይስማው ስሙ ከጣሪያው በላይ ሲነሣ የሰማው ቅዳሜ ጠዋት፣ የዘጠነኛ ክፍልን የጂኦግራፊ ፈተና ሲያርም ነበር። ድምፁ የታላቅ እህቱ የአበራሽ ነው። ከምትኖርበት ከአርብ ገበያ ከተማ መምጣቷን አላወቀም፤ በበሩ ስታልፍም አላንኳኳችም። በውጭ በኩል ባለው የድንጋይ ደረጃ ወጥታ በቀጥታ ተከራይዋ ዘንድ ገብታለች። የፎቁ ወለል በባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ የተመታ ጣውላ ነው፤ ከሥሩ ከተወጠረ አቡጀዲ በስተቀር ምንም ስለሌለ ላይ የተነገረ ሁሉ ታች ይወርዳል። «ወንድሜ እንቅልፍ አጣሁ ብሏል» አለች አበራሽ። «የእግርሽ ኮቴ አላስተኛ ብሎታል። እኔ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልጊ።»

ይስማው እንዲህ ያለ ቃል ለእህቱም ለሌላ ሰውም ተናግሮ አያውቅም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና አለ። የተከራይዋ የትዝታ ድምፅ ተሰማ፤ ጋሼ ይስማው ራሳቸው ናቸው ወይ እንዲህ ያሉት ብላ ጠየቀች። አበራሽ ራሱ ነው እንጂ፣ እኔ አርብ ገበያ ሆኜ ኮቴሽን እሰማለሁ ወይ ብላ መለሰችላት፤ ቢያንስ ጫማሽን እያወለቅሽ ብትሄጂ ምን ነበረበት ስትልም ጨመረችበት። ትዝታ ሰው ሠራሽ እግሯ ከጫማው ተረከዝ ጋር ተለክቶ የተሠራ መሆኑን፣ ያለ ጫማ ከቆመችበት ወደ ኋላ እንደሚጥላት ረጋ ብላ አስረዳች። ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ እንድትታገሣትም ለመነች። አበራሽ ቃሏን አልለወጠችም። ደረጃውን ወርዳ በይስማው በር ፊት ስትደርስ እርምጃዋ ቆም አለ፤ እሱም ከወንበሩ ሳይነሣ ጠበቀ። አላንኳኳችም። የግቢው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ቤቱ የአባታቸው ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ፎቁ ለአበራሽ፣ ምድር ቤቱ ለይስማው ደረሰ፤ ሽማግሌ ፊት ተፈራርመው በሰላም ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። የተጣሉበት ነገር ስለሌለ የሚታረቁበትም አልተገኘም። ይስማው ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ አንዲት ልጁን አሳድጎ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ልኳታል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ብቻውን ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ ከላይ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ለሱ የተላከ ይመስለዋል።

ለማንም አልተናገረም ማለት አልሰማም ማለት አይደለም። ትዝታ ግራ እግሯን ከጉልበት በታች ያጣችው ከስድስት ዓመት በፊት የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሲገለበጥ ነው። ስትራመድ አንደኛው እግሯ ቀስ ብሎ ያርፋል፣ ሌላው ድው ብሎ ይወድቃል። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ከመስኮቱ እስከ ምድጃው ስድስት። አንዳንድ ማለዳ የአቡጀዲው አቧራ ሻዩ ላይ ይራገፍበታል። ተከራይታ በገባችበት ሰሞን አንድ ቀን ተናዶ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ሊመታ ተነሥቶ ነበር፤ ሰው በመራመዱ አይከሰስም ብሎ መጥረጊያውን መልሶ አስቀመጠው። አሁን ያሳፈረው ይኸው ነበር። አበራሽ ዋሽታለች፤ የዋሸችው ነገር ግን በሱ ሆድ ውስጥ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ትዝታ ለሥራ ወረደች። የምትሠራው ከመንገዱ ማዶ ባለ መድኃኒት ቤት ነው፤ ይህን ቤት የመረጠችውም ለዚሁ ነበር። ሰኔ ከገባ ወዲህ የንፋስ መውጫ ከተማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ አረንቋ ሆኗል። ሌላ ሠፈር ብትከራይ በየቀኑ ቁልቁለትና ጭቃ ይጠብቃታል፤ አምና ታችኛው ሠፈር ስትኖር ሁለት ጊዜ ወድቃ አንድ ጊዜ የእጅ አንጓዋን ሰብራለች። እዚህ ግን ደረጃው የብረት ድጋፍ አለው፣ ከደጃፉ እስከ አስፋልቱም ኮብልስቶን ነው። ይስማው በሩን ከፍቶ ቆመ። ትዝታ ድጋፉን እንደያዘች ቆማ አንገቷን ደፋች። «ጋሼ ይስማው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «ቢነግሩኝ ኖሮ አንድ ነገር አደርግ ነበር።»

እኔ አላልኩም ሊል አፉን ከፈተ። ያን ቢል እህቱ ውሸታም መሆኗ ነው፤ ለተከራይ ደግሞ የአከራይን ነውር መንገር ለሱ ከባድ ነበር። ዝም ቢል ነገሩን በራሱ ላይ ሊያጸና ነው። በሁለቱ መካከል የተገኘው ቃል ሌላ ሆነ። «ጥፋቱ የወለሉ ነው፤ ያንቺ አይደለም» አላት። «ወለሉን እኔ አሠራዋለሁ። ቤት መፈለጉን ለጊዜው ተዪው።» ያመነችው አይመስልም። እሺ ብላ ግን፣ በምሳ ሰዓት ክፍሏን እንደምትከፍትለት ነግራው መንገዱን ተሻገረች።

ደሳለኝ አናጢው መናኸሪያው አጠገብ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ይሠራል። ይስማው ጉዳዩን ሲነግረው ደሳለኝ አፉን ከመክፈቱ በፊት አንድ ጣውላ በሁለት በርጩማ ላይ ጋድሞ በመዶሻው እጀታ መታው። ጣውላው ጮኸ። ኮቱን አወለቀና አጥፎ ጣውላው ላይ አኖረው፤ በላዩ ሌላ ቁራጭ ጣውላ ደርቦ እንደገና መታ። ድምፁ ወደ ውስጥ ገባ። መምህር፣ ቤትዎ ከበሮ ነው፣ ወለሉ ቆዳው ሲሆን እርስዎ የሚኖሩት ሆዱ ውስጥ ነው አለው። መድኃኒቱ ከጣውላው ላይ ለስላሳ ነገር አንጥፎ፣ በለስላሳው ላይ ደግሞ ሌላ ወለል መደረብ ነው። የላይኛው ከታችኛው ጋር በምስማር መገናኘት የለበትም፤ አንዲት ምስማር ዘልቃ ከገባች ድምፁ እሷን ተከትሎ ይወርዳል። ግድግዳውንም እንዳይነካ ዙሪያውን አንድ ጣት ያህል ክፍት ይተዋል። ለስላሳው ምን ይሁን፣ የላይኛውስ ምን ይሁን የሚለውን ይምረጡና ይምጡ ብሎ ወደ መላጊያው ተመለሰ።

የምንጣፍ ሱቅ ያላት ሴትዮ ነገሩን ቀላል አደረገችው። ስፖንጅ ያለው ወፍራም ሞኬት አለ፣ ካሬው ስምንት መቶ ሃምሳ ብር፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ይህንኑ ነው ያነጠፈው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያስቀድስ ኮቴ ሰምተህ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ፕላስቲክ ንጣፍም አለ፣ ካሬው አራት መቶ፤ እሱ ለዓይን ያምራል እንጂ ድምፅ አይከለክልም። ሴራሚክ በጣውላ ላይ አይያዝም፣ ይሰነጠቃል። ይስማው የሞኬቱን ጫፍ ዳበሰው። ጣቱ እስከ ግማሽ ሰመጠ። ወዲያው ሊያስቆርጥ ብሎ አንድ ነገር ከነከነውና ቆይ መጣሁ ብሎ ወጣ። ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዶ ተራ ያዘ፤ ከፊቱ ያሉት ሁለት ገበሬዎች ተስተናግደው ሲያበቁ በመስኮቱ በኩል ትዝታን ጠየቃት።

ትዝታ ጥያቄው ገረማት። ወለልሽ ምን ይሁን ብሎ የጠየቃት ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም። «የግራ እግሬ መሬቱን አያውቅም፣ ጋሼ ይስማው» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጠንካራ ከሆነ ድምፁን ሰምቼ መድረሱን አውቃለሁ። ለስላሳ ሲሆን ግን ያረፈ መስሎኝ ክብደቴን ስሰጠው ይጠልፈኛል። ሞኬት ያለበት ቤት የምሄደው ግድግዳ ይዤ ነው።» ይስማው ራሱን ነቀነቀ። እሱን ሲረብሸው የነበረው ድምፅ ለሷ ዓይኗ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ለስላሳው ከሥር፣ ጠንካራው ከላይ ይሆናል አላት። ድምፁ ጨርሶ ባይጠፋም ግድ እንደሌለው ሊነግራት ፈለገና ሌላ ሰው ከኋላው ስለተሰለፈ ሳይናገር ወጣ።

ለስላሳውን ገበያ ውስጥ አገኘው። ከስማዳ በኩል የመጡ ሴትዮ የበግ ጠጉር ተጠቅጥቆ የተሠራ ድብዳብ፣ በበቅሎ ኮርቻ ሥር የሚነጠፈውን ማለት ነው፣ በማዳበሪያ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ይስማው ያላቸውን ሁሉ እንደሚፈልግ ሲነግራቸው ስንት በቅሎ ቢኖርዎት ነው አሉት። ለወለል ነው አላቸው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሞኝ የያዙ መስሏቸው ዋጋውን ከፍ አደረጉ፤ ከላይ ለሚኖር ሰው ኮቴ መሆኑን ሲያስረዳቸው ደግሞ የገዛ ቤቱን ችግር እንደሰማ ሰው ወደ መጀመሪያው ዋጋ መለሱለት። ሰባት ድብዳብ ነበር፤ ለክፍሉ አይበቃም። የጎደለውን አባቱ ከታመሙ ጀምሮ ለብሰውት በነበረው የበግ ጠጉር ባና ለመሙላት ወሰነ። ባናው በሣጥን ውስጥ ሦስት ዓመት ተቀምጧል፤ ብል ጀምሮታል።

ስድስት ሰዓት ላይ ደሳለኝ አራት ቺፕውድ በጋሪ አስጭኖ መጣ። በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ቺፕውድ ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም። በላስቲክ ሸፍነው እየተጣደፉ ደረጃውን አወጡት፤ የመጨረሻዋ ስትገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ። ይስማው አባቱ ከሞቱ ወዲህ ፎቁን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። የድሮው የአባቱ መኝታ ክፍል አሁን የሴት ቤት ሆኗል። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ ከነወንበሩ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል፣ በሩ ሥር በሥርዓት የተደረደሩ ሦስት ጫማዎች፤ የሦስቱም ተረከዝ ቁመቱ እኩል ነው። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ባለው ጣውላ ላይ ቀለሙ በአንድ ረድፍ ተልጦ መንገድ ሠርቷል። ይስማው ያንን መንገድ ከታች ሆኖ በጆሮው ያውቀዋል፤ በዓይኑ ሲያየው ግን የሰው ደብዳቤ የከፈተ ያህል አፈረ።

ትዝታ አልጋው ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች፤ ለሁለቱም ከሰሐኑ እንዲቀምሱላት ግድ አለቻቸው። ደሳለኝ ዕቃውን ወዲያና ወዲህ እየገፋ የተነሡ ምስማሮችን መልሶ መታ፣ ድብዳቦቹን ጠርዝ ለጠርዝ አያይዞ አነጠፈ፣ ባናውን በቢላዋ ቆርጦ ክፍት ቦታውን ሞላ። ባናው ሲቆረጥ ይስማው ወደ መስኮቱ ዞረ። ቺፕውዶቹ ሲደረቡ ደሳለኝ አንዱን ከአንዱ ጋር ብቻ በቀጭን እንጨትና በብሎን አያያዛቸው። ከግድግዳው ዙሪያ የተተወውን ክፍተት በጣቱ እየለካ ዞረ። ሁሉም ሲያልቅ ትዝታ ተነሥታ ጫማዋን አጥብቃ ሄደች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከአልጋው እስከ መስኮቱ። ይታወቅሻል ወይ አላት ይስማው። ይታወቀኛል አለች። እሱ ታች ወርዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና አዳመጠ። ድምፁ አልጠፋም። ጎረቤት ቤት የሚራመድ ሰው እንደሆነ ሁሉ ግን ርቆ ነበር፤ አቡጀዲውም አልተንቀሳቀሰም።

ትዝታ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ ይስማውና ደሳለኝ ጠርዙን ሲያስተካክሉ ዋሉ። አሥር ሰዓት ተኩል ግድም፣ ደሳለኝ ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል አበራሽ ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል። ወለሉን፣ ወንድሟን፣ ግድግዳው ሥር የተከመረውን ሰጋቱራ አየች። ደሳለኝ ሰላም ብሏት ቦርሳውን ይዞ ወረደ።

«ማን ፈቀደልህ?» አለች። «ፎቁ የኔ ነው።»

«ወንድሜ እንቅልፍ አጣሁ ብሏል አላልሽም?» አላት። «እንዲተኛ ብዬ ነው።»

ይስማው እንድትወርድና ልብሷን እሳት አጠገብ እንድታደርቅ ነገራት፤ እሷም ተከተለችው። ወንበር ሰጥቷት ከሰል አቀጣጠለ። የፈተና ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ እንደተበተኑ ናቸው። ዝናቡ ቀለል እያለ ሲሄድ የመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ተመለሰ። ይስማው ጠዋት የተባለውን ሁሉ እዚሁ ተቀምጦ እንደሰማ ነገራት።

«ታዲያ ለምን አልወጣህም?»

«አንቺስ ለምን አላንኳኳሽም፣ እታለም?»

እታለም ብሎ ከጠራት ብዙ ጊዜ ሆኖታል። አበራሽ የነጠላዋን ጫፍ ጨመቀችና ነገሩን ከመጨረሻው ጀምራ ነገረችው። ከፋሲካ ወዲህ የምታድረው አርብ ገበያ፣ የአንዲት ዘመድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ለኖረው ባሏ ለአወቀ ባሕር ዳር ሌላ ሴት ወልዳለታለች፤ ቤቱን ሸጦ ወደዚያው ገብቷል። ሲሸጥ ፈርሚ ብሏት ነበር፤ የንግድ ወረቀት መስሏት ፈረመች። ሰዎች ሲጠይቋት ባሌ ለእህል ንግድ ሄዷል ትላለች። ፎቁን ለራሴ እፈልገዋለሁ ብላ ለትዝታ ብትነግራት ነገሩ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ለከተማው ሁሉ ይደርሳል ብላ ፈራች። በወንድም ማሳበብ የቀለለ መሰላት። ይህን ሁሉ የተናገረችው እሳቱን እያየች፣ የገበያ ዋጋ እንደምትናገር በእኩል ድምፅ ነበር።

«ለኔስ ብትነግሪኝ?» አላት።

«ባንተ ፊት በምን አፌ?» አለች አበራሽ። «አባባን ዓመት ከመንፈቅ ያስታመምከው አንተ ነህ። እኔ የመጣሁት ለቀብርና ለክፍፍል ነው። ሽማግሌዎቹ ፎቁ ለሷ ሲሉ ዞሬ አየሁህ፤ ምንም አላልክም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ይስማው ያን ቀን ምንም ያላለው ለመናገር አቅም ስላልነበረው ነበር። አርባ ሌሊት ሳይተኛ የቆየ ሰው ነበር፤ ፎቁ ለሷ መድረሱን እንኳ በቅጡ የሰማው በማግሥቱ ነው። እሷ ግን ዝምታውን ይዛ ወደ አርብ ገበያ ሄዳ ሦስት ዓመት አኑራዋለች። ይህንን ነገራት። ረጅም አላደረገውም። አበራሽ ሰምታ ቀና ብላ አየችው፤ ጸጉሩ ከፊት በኩል መሸበቱን ያየችው ገና አሁን ይመስላል።

የልጁ ክፍል ባዶ ስለሆነ እዚያ እንድትገባ ጠየቃት። ልጅቱ ለክረምት ስትመጣ አብራት ልትተኛ ትችላለች፤ ምድር ቤቱ ለሦስት ሰው አይጠብም። አበራሽ የሰው ቤት ሰልችቶኛል አለችው። ይህ የሰው ቤት አይደለም አላት። ሻንጣዋን የት እንዳስቀመጠችው ሲጠይቃት መናኸሪያው ጋ ያለ ምግብ ቤት ውስጥ መሆኑን ተናገረች። ጠዋት ከአርብ ገበያ ስትነሣ የቀረ ዕቃዋን ሁሉ ይዛ ነበር የወጣችው። ይስማው ሄዶ ሊያመጣላት ጃንጥላውን አነሣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«መጀመሪያ አንድ ነገር አለ» አላት። «ከላይ ያለችው ልጅ ዛሬ ቀኑን ሙሉ እኔን ስታይ አንገቷን ስትደፋ ነው የዋለችው። እኔ እንዳላልኩ ንገሪያት።»

ትዝታ ከሥራ ተመልሳ ነበር። ወጥተው ሲገቡ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ሰው ሠራሽ እግሯን አውልቃ ከጎኗ አስቀምጣ የእግሯን ጫፍ በቅባት እያሸች ነው። እነሱን ስታይ ቀሚሷን ዝቅ አደረገችና ልትነሣ ቃጣች፤ ይስማው በእጁ ምልክት እንድትቀመጥ ነገራት። አበራሽ አዲሱ ወለል መሐል ላይ ቆመች። የሚቀመጡበት ወንበር ነበር፣ አልተቀመጠችም።

«ወንድሜ ምንም አላለም» አለች። «የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቤቱን ለራሴ ፈልጌው ነው፤ ባሌ ጥሎኝ ሄዶ መግቢያ አጥቼ ነው። አሁን ከወንድሜ ጋር ልሆን ነው። አንቺ ከቤትሽ አትወጪም።»

ትዝታ የቅባቱን ክዳን ገጠመች። ይስማው አይዞዎት፣ ምንም አይደለም ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ ታናሽ ለታላቅ የሚለው እንደዚያ ነበርና። ትዝታ ግን አላለችም። «ዛሬ ሁለት ጊዜ ክኒን ተሳስቼ ቆጠርኩ» አለች ቀስ ብላ። «ሐሳቤ ቤት ፍለጋ ላይ ነበር። አንደኛው አንዲት እናት ለልጇ የምትወስደው ነበር፤ እግዚአብሔር ረድቶኝ በሩ ላይ ደርሼ መለስኳት። ስለባልዎ አዝናለሁ፣ እትዬ አበራሽ። ከአሁን በኋላ የሚሉኝ ነገር ካለ ግን በራስዎ ስም ይበሉኝ።»

«እሺ» አለች አበራሽ።

ይስማው ሻንጣውን ለማምጣት ወደ በሩ ሄደ። ዞር ሲል አበራሽ ከበሩ ጀርባ መጥረጊያውን አንሥታ፣ ግድግዳው ሥር የቀረውን ሰጋቱራ ጎንበስ ብላ መጥረግ ጀምራ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ትዝታ በአንድ እግሯም ቢሆን ተነሥታ መጥረጊያውን ከእጇ ትቀማት ነበር። ዛሬ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ አበራሽ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ጠርጋ እስክትጨርስ ዝም ብላ አየቻት።